እከክ ነው ብሎኝ ነበር

ከባለቤቴ ጋር በደህናው ቀን መጨረሻ የሠራነው ሥራ የጊኒ ፒጎቻችንን፣ የእነዚያን ጥንቸል መሰል ትንንሽ እንስሳት፣ ጥፍር መቁረጥ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤታችን ጀርባ እንሰቱ ጥላ በሚጥልበት በኩል ሁለት በርጩማ አውጥተን ተቀመጥን። እኔ አንዷን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አስጠጋታለሁ፤ እሱ እግሯን በሁለት ጣቱ ይዞ የጥፍሯን ጫፍ ብቻ ይቆርጣል። ሦስቱም ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቡናማ፣ አንዷ ግንባሯ ላይ መስመር ያላት። የነጯ ጥፍር ስስ ስለሆነ ውስጡ ያለው የደም ሥር ይታያል። የቡናማዋ ግን ጥቁር ነው፤ የት ላይ መቆም እንዳለብህ አታውቅም።

«ተጠንቀቅ፣ ታደማታለህ» አልኩት።

«አንቺ መያዙን ያዢ። ማየት የእኔ ሥራ ነው» አለኝ።

አላደማትም። በየመሐሉ ግን እያቆመ ክንዱን በጥፍር መቁረጫው ጀርባ ይፍቅ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ሲያክ ስለኖረ ቀና ብዬም አላየሁት። ስንጨርስ ወደ ሣጥናቸው መለስናቸው፤ የስኳር ድንች ቅጠል ጣልንላቸው፤ እሱ ሊታጠብ ገባ፣ እኔ በርጩማዎቹን አስገባሁ። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ አብረን ያደረግነው ሁሉ የበሽታ ሥራ ነው፤ ያንን ከኑሯችን ጋር አልቆጥረውም።

በማግሥቱ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ለብሰን በር ላይ ስንቆም ፀሐይ ፊቱ ላይ ወረደች። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ነበር።

«ዓይንህ» አልኩት።

«ምን ሆነ?»

«ቢጫ ነው።»

«እንቅልፍ ነው» አለና ኮፍያውን ወደ ታች ሳበው። መዝሙሩ ሁሉ ሲዘመር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ወለል ወለሉን ሲያይ ነበር። አሁን ሳስበው ከዓይኑ ቀድሞ ያወቀው ነገር ነበረው።

ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አልጽፍም። ሐኪሙ ልጅ እግር ነበር፤ ረጋ ብሎ ይጠይቃል። «ማሳከኩ ቆይቷል?» አለው። ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ቆይቷል» አልኩ እኔ። «እከክ መስሎኝ ነው» አለ እሱ። «ሥራዎ ምንድነው?» «የእንስሳት ሐኪም ነኝ።» ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ፤ ሌላ አልጠየቀም። በኋላ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ነገረኝ። የሐሞቱን መውረጃ ዕጢ ዘግቶት ነበር፤ ሐሞቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ደሙ ተመልሶ ቆዳውን ይበላው የነበረው እሱ ነው። ዕጢው ጉበቱ ደርሷል። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ቆዳ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ሥራው ሁምቦ ቆላ ውስጥ ነበር፤ ጠዋት በሞተር ወደ ተበላ ከተማ ይወርዳል፣ ማታ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። በሬ ሲያይ መጀመሪያ አያወራም። ጠጉሩን በጣቱ ጀርባ ወደ ላይ ገልጦ ሥሩን ያያል፤ ከዚያ ብቻ ነው ወደ ባለቤቱ ዞሮ ሰላም የሚለው። በዚህ ስንት ሰው እንደተቀየመው አላውቅም። ሠርግ ቤት እንኳ የታሰረ ሙክት ካየ እጁ ሳያስበው ወደ ጀርባው ይሄድ ነበር።

ጊኒ ፒጎቹን ያመጣቸው እሱ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ መጥተው ሶዶ የኖሩ ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የልጃቸውን እንስሳት የሚተዉለት ሰው አጡ። እሱ ደግሞ ውሻቸውን ያክምላቸው ስለነበር በካርቶን አድርገው አሸከሙት። ልጆቻችን አድገው ሄደዋል፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲከፍተው ሦስት ጭራ የሌላቸው ነገሮች ቀና ብለው አዩኝ።

«አይጥ ነው?» አልኩት።

«አይጥ ጭራ አለው።»

«ታዲያ ምንድነው?»

«እንግዳ ነው» አለና ሣቀ።

የሚኖሩበትን ሣጥን ከጣውላ ራሱ ሠራው። ሞተሩ ከዋናው መንገድ ወደ ግቢያችን ሲታጠፍ ሦስቱም በአንድ ላይ ያፏጩ ነበር። እኔ ስመጣ አያፏጩም። መጀመሪያ አስቆኝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ትንሽ ከፋኝ፤ ጎመኑን የምቆርጥላቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቆዳውን ይበላው ጀመር። መጀመሪያ መዳፉን፣ ከዚያ የእግሩን ውስጥ፣ ከዚያ ጀርባውን። «ከእነሱ ነው የያዘኝ» አለ። በዚህ ነገር ጥርጥር አልነበረውም። የእከክ ተባይ እንዴት እንደሚታወቅ ያስተማረኝ ያኔ ነው። ማታ ማታ መብራት አጠገብ ተቀምጦ አንዷን ጉልበቱ ላይ ያደርግና ከአንገቷ ጀምሮ ፀጉሯን እየገለጠ ያሳየኛል። ተባዩ በዓይን አይታይም፤ ቆዳው ውስጥ ነው የሚቆፍረው። የሚታየው ሥራው ነው፤ መጀመሪያ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ነገር፣ ከዚያ ትከሻና ጭን ላይ የፀጉር መሳሳት፣ ከዚያ ወፍራም ቢጫ ቅርፊት። እንስሳዋ ስታክ ትውልና ትከሳለች። ሲብስ ደግሞ ስትነካ ትንፈራፈራለች፤ የሚጥል በሽታ ያለባት ትመስላለች።

«እነዚህ ላይ ግን ቅርፊት የለም» እለው ነበር።

«ገና ነው።»

«አያኩም እኮ። የምታከው አንተ ነህ።»

«አንቺ አማርኛሽን አስተምሪ» ይለኛል፤ እኔ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሪ ነኝ።

እንግዲህ እንስሳቱ ቆዳ ላይ የሌለ በሽታ ታከመ። በግ የሚወጋበትን አይቨርሜክቲን የተባለ የተባይ መድኃኒት አቅጥኖ በጠብታ ሰጣቸው። አንሶላውን አስቀቀለኝ። ራሱን ከአንገት እስከ እግር የድኝ ቅባት ተቀባ፤ ቤቱ የክብሪት ፋብሪካ መሰለ። ቆዳው ላይ ሽፍታ አልነበረም፤ የነበረው የራሱ ጥፍር መስመር ብቻ ነው። ቅባቱ ሲያልቅ ሌላ ያመጣል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ስለው፣ «ሄጄ ምን ልበላቸው? የማውቀውን ሊነግሩኝ?» ይል ነበር።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም ብል እዋሻለሁ። እወቅሰዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ታላቅ እህቱ ከተበላ መጥታ ቤቱን ያዘች። ክፉ ሴት አይደለችም። ያሳደገችው እሷ ነች፤ አስከሬኑ ሲገባ «ታ ኢሻዉ፣ ታ ኢሻዉ» እያለች፣ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለች ግድግዳውን ስትመታ ሰው ሁሉ እሷን ነበር የሚያየው። በእኛ ወግ ባሏ የሞተባት ሴት ሥራ አትነካም። መሬት ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ትቀመጣለች፤ ውሃ ያመጡላታል፤ ወደ ጓዳ ብትነሣ ይመልሷታል። ደግነት ነው። እኔም ተቀመጥኩ። እኔ ተቀምጬ ሳለ እህቱ እንግዳ እንዳያይ ብላ ሣጥኑን ከእንጨት መከመሪያው ኋላ፣ ጨለማው ውስጥ አገባችው። የሚበሉትን ስጠይቅ፣ «በልተዋል» ትለኛለች። ለድንኳኑ የመጣ ገለባ ነበር፤ ደረቁን ገለባ ነበር የሚበሉት። ጎመን የለም፣ ቅጠል የለም። ግቢው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ያለቅሳል፤ እነሱ ደግሞ ድምፅ የሚያስደነግጣቸው ፍጥረቶች ናቸው።

ድንኳኑ ሲፈርስ ራሴ ሄጄ ሣጥኑን ወደ ብርሃን ሳብኩት። ነጯ ትከሻዋ ላይ ፀጉር አልነበራትም። ቡናማዋን ልገልጣት አንገቷን ስነካት እግሮቿን ወደ ኋላ አወራጭታ ተንፈራፈረች። ከጆሮዋ ኋላ ያለው ቅርፊት ቢጫ ነበር፤ ልክ እንደነገረኝ። ያ ሁሉ ወር ሲፈልገው የነበረው ነገር እሱ ሲሄድ መጣ። ሣጥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ እንጃ።

እህቱ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

«አየሽ?» አለችኝ በወላይትኛ። «ወንድሜን የበላው ይሄ ነው።»

«እሱን የገደለው ዕጢ ነው፤ ሐኪሙ ነግሮሻል።»

«ሐኪም መጨረሻውን ነው ያየ። እኔ መጀመሪያውን ነው የምልሽ። እዚህ እየመጣሁ ሲያክ አላየሁትም? ማን ነው ከፈረንጅ አይጥ ጋር የሚኖር? ቅዳሜ ዘመድ የወንድሜን ልብስ አውጥቶ ሊከፋፈል ይመጣል። ያኔ እነዚህን እዚህ እንዳላያቸው።»

«ቅዳሜም ይኖራሉ።»

«እንግዲያ እንግዶቹ ፊት አንቺው አስረጂ።»

ያን ሳምንት ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ ግቢው ውስጥ የመድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታው። እህቱ ለከብት መዥገር የምትረጨውን መድኃኒት ከቤቷ አስመጥታ ሣጥኑንም እነሱንም አርሳቸዋለች። እኔ ሳልቆጣ አልቀረሁም እንጂ ክፋት አልነበረበትም፤ እስከ ቅዳሜ ቢድኑ ነገሩ በሰላም ያልቃል ብላ ነው። እሷ ስታድግ ያየችው ማከሚያ ያ ነው፤ መርጨት። ነጯ ከአፏ ለሃጭ እየወረደ ጥግ ላይ ተጋድማ ትንቀጠቀጣለች። ሁለቱ ኋላ ተጣብቀው ስለነበር ብዙም አልደረሳቸውም።

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? በሬ ምንም አይሆንም!»

«በሬ ናት እንዴ? በእጅ የምትያዝ ነገር!»

«እንግዲህ አላወቅኩም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ መደንገጥ ነበረበት። ከዚያ ግን እንደገና ጠነከረች። «አንዷ ሄደች። የቀሩትንም ብትተዪአቸው ይሻልሻል።»

ሁለቱን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና አጠብኳቸው። ነጯ በእጄ ላይ ሞተች።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ሁለቱን በካርቶን፣ ነጯን በፌስታል አድርጌ ባጃጅ ያዝኩና ባለቤቴ ናሙና የሚልክበት ላብራቶሪ ሄድኩ። እዚያ የሚሠራው ሰው የሥራ ጓደኛው ነው፤ ለቅሶ ላይ ድንኳን ሲተክል አይቼዋለሁ። ካርቶኑን ሲያይ አወቃቸው።

«ቲቸር፣ እነሱ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው። እከክ ይሁን አይሁን ንገረኝ።»

ከነጯ ትከሻ ላይ፣ ቅርፊቱ ከጤነኛው ቆዳ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ፣ በምላጭ እስኪቀላ ድረስ ፋቀ። መሐሉ ላይ አይገኙም፣ ጠርዝ ላይ ነው የሚቆፍሩት አለኝ። የፋቀውን መስታወት ላይ አድርጎ የዘይት ጠብታ ጨመረበትና ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበሰ። ብዙም አልቆየም።

«ይምጡ፣ ይዩት።»

አየሁት። ክብ ነው፤ እግሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ዘይቱ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ያስተማረኝ፣ የተቀቀለው አንሶላ፣ የድኝ ሽታ ሁሉ ለዚህ ነበር። ከመስታወቱ ቀና ብዬ ላልጠይቅ የነበረውን ጠየቅኩ።

«ይሄ ሰው ይገድላል?»

«የለም ቲቸር። ሰው ላይ ኑሮ የለውም። የሚይዛቸውን ሰው ጥቂት ቀን ያሳክከዋል፣ ከዚያ ራሱ ይሞታል። ዓይን ቢጫ አያደርግም።»

«እሱ ግን ወር ከወር ነው ያከው።»

ምላጩን መጥረግ ጀመረ፤ ሲጠርግ ቆየ።

«ናሙና አምጥቶልህ ያውቃል?» አልኩት።

«አምጥቷል።»

«ከእነሱ?»

«ከእነሱም። ከራሱ ክንድም።»

«ምን አገኛችሁ?»

«ምንም። አንድም ጊዜ ምንም አላገኘንም። በደንብ አልፋቅከውም ይለኛል፣ ደግሞ ያመጣል። መጨረሻ ላይ እኔው አልኩት፤ ወንድሜ፣ ይሄ ቆዳህ አይደለም፣ ውስጥህ ነው፣ ደምህን ተመርመር አልኩት። ‹አውቃለሁ› አለ። ‹ታላቅ ወንድሜም እንዲህ አክኮ አክኮ ነው ቢጫ የሆነው። እከክ ይሁንልኝ፤ እከክ መድኃኒት አለው› አለኝ።»

ግድግዳው ላይ የከብት ክትባት ሥዕል ነበር። እሱን ሳይ ቆየሁ።

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ለእሷ እንዳትነግር ብሎኝ ነበር። ሐኪም ቤት ይሄዳል ብዬ ጠበቅኩት ቲቸር። ዛሬ ነገ ይሄዳል ብዬ።» ዓይኑን አላነሣም። ደግ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ደግነቱ አልጠቀመኝም።

የታላቅ ወንድሙን ሞት አውቀዋለሁ። ከመጋባታችን በፊት ነው፤ ቤሌ ከተማ ነበር የሚኖረው። ጉበት ነው ተብሎ ነው የተነገረኝ፤ ያክ እንደነበር ግን ማንም አልነገረኝም። እንግዲህ ባለቤቴ ያን ሁሉ ማታ መብራት አጠገብ ተቀምጦ የእንስሳት ፀጉር ሲገልጥ የሚፈልገው በሽታ አልነበረም። እንዲገኝለት የሚለምነው ምሕረት ነበር። እኔን ደግሞ አጠገቡ አስቀምጦ እንደ ተማሪ ያሳየኛል።

እዚያው ሳለን እንዴት እንደሚታከሙ ነገረኝ። ተባዩ ምናልባት ቀድሞም ጥቂት ተኝቶባቸው ይሆናል፤ ጠግበውና ረግተው ሲኖሩ አይነሣም፤ ሲርባቸው፣ ሲደነግጡና ጨለማ ሲገቡ ይፈላል። የበጉ መድኃኒት ለእነሱ ብዙ ስለሆነ በሚገባ ቀጥኖ፣ በክብደታቸው ተለክቶ፣ በጠብታ ነው የሚሰጠው። አንዴ ሰጥቶ መተው አይሆንም። መድኃኒቱ እንቁላሉን አይገድልም፤ የተፈለፈለውን ለመያዝ በሁለት ሳምንት ልዩነት መደገም አለበት፤ የዳነች ብትመስልም። አንዷ ታማ ሌላዋ ጤነኛ ብትሆን ሁለቱም ይታከማሉ። የሚረጭ ነገር ግን ሁለተኛ እንዳይነካቸው። መኖሪያቸው ደግሞ ከጣውላ ከሆነ ተባዩ ስንጥቁ ውስጥ ስለሚደበቅ ቢቃጠል ይሻላል አለኝ። ሣጥኑን ማን እንደሠራው አላወቀም ነበር፤ አልነገርኩትም።

ክብደታቸውን የመዘንኩት ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ጋ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥቶ ሱቁን ከፈተ፣ እሱ እዚሁ ተወለደ፤ ወላይትኛው ከእኔ ይሻላል። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጥ አንድ ደንበኛ ስኳር እየጠበቀ ነበር።

«ቲቸር፣ ስኳር ልመዝን ወይስ አይጥ?» አለ ባለሱቁ።

«አይጥ።»

«ስኳሩስ?» አለ ደንበኛው።

«አንተ ቆይ፤ እሷ ታማለች።» ሚዛኑ ላይ ካርቶን አንጥፎ ቡናማዋን በሁለት እጁ ተቀበለኝና ቀስ ብሎ አስቀመጣት። «ያ ሰውዬ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር መሰለሽ? ‹መጀመሪያ ጠጉሯን ግለጥ›።» ሣቅኩ። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወዲያው አስጠላኝ። ባለሱቁም አየና ዓይኑን ወደ ሚዛኑ መለሰ። ለመኝታቸው የሚሆን የብስኩት ካርቶን እየቆጠበ እንደሚያኖርልኝ ነገረኝ፤ ሚዛኑን በሳሙና ካጠበ በኋላ ነው ስኳሩን የመዘነው።

የመጀመሪያውን ጠብታ ያን ቀን ሰጠኋቸው። ለብቻ መያዝም መስጠትም ይከብዳል። ቡናማዋ ስትንፈራፈር እስክትረጋ ፎጣው ውስጥ እያቀፍኩ እጠብቃለሁ፤ ያዥም ሰጪም እኔ ነኝ። ሣጥኑን አቃጠልኩት። ደረቅ ጣውላ ስለነበር ቶሎ ነው የነደደው፤ ሚስማሮቹን ከአመዱ ለቅሜ ጣልኳቸው።

ቅዳሜ ዘመድ መጣ። ልብሱን እያወጡ ለእገሌ ይሁን፣ ለእገሌ ይሁን ሲባባሉ እህቱ ወደ ጓሮ ዞራ ካርቶኑን አየችው። ስትመለስ ሰው መሐል ሳይሆን ለብቻዬ ጓዳ ውስጥ ያዘችኝ። ያን ያህል አከበረችኝ።

«እኔን ንቀሽኝ ነው?»

«አይደለም። ተቀመጪ፣ ልንገርሽ።»

ነገርኳት። ማይክሮስኮፑን፣ ባዶ የሆኑትን ናሙናዎች፣ ክንዱን ፍቆ መውሰዱን፣ ስለ ታላቅ ወንድማቸው ያለውን፣ ሁሉንም። ልደብቃት እችል ነበር። እኔ ብቻ የምሸከመው ለምን ይሆናል ብዬ ነው የነገርኳት፤ ሌላ ደግ ምክንያት አልነበረኝም።

ሹራቡን፣ ሞተር ሲነዳ የሚለብሰውን፣ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። እጅጌውን እያጠፈች ትዘረጋዋለች።

«ያኛውን ያስታመምኩት እኔ ነኝ» አለች ቆይታ። «ይሄኛው ያኔ ልጅ ነበር። ጀርባውን በበቆሎ ቆረቆንዳ እከክለት እለው ነበር። ያክለት ነበር እኮ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አወቀ ማለት ነው» አለች።

«አወቀ።»

«አይጧ ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

«እኔም» አልኳት።

ተነሣች። ሹራቡን ለማንም አልሰጠችም፤ በነጠላዋ ውስጥ ይዛው ወጣች። ስለ ካርቶኑ ሁለተኛ አልተናገረችም፤ ለዘመዱም አላወራችም። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ቤቴ አልመጣችም። በበዓል ከተበላ ሰላምታ በሰው ትልካለች፣ እኔም እመልሳለሁ። የምንገናኝበት ነገር ያ የነገርኳት ብቻ ነው፤ ሁለታችንም እሱን ማየት አንፈልግም።

ሁለተኛውን ጠብታ ሰጠሁ፣ ሦስተኛውንም። ቅርፊቱ መጀመሪያ ደረቀ፣ ከዚያ ከነፀጉሩ ተላጠ፣ ከሥሩ ሮዝ ቆዳ ወጣ። ቡናማዋ መንፈራፈር ካቆመች ቆየች፤ ፀጉሯ ሞልቷል። የባለ መስመሯ ትከሻ ላይ አንድ ቦታ እስካሁን ባዶ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ድነዋል እላለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር አለ፤ ማንም ይሁን ማን በሞተር መንገዱን ሲታጠፍ አሁንም ያፏጫሉ። ሞተሩ ያልፋል፣ እነሱ ትንሽ ቆይተው ዝም ይላሉ። ይህን የሚያድን መድኃኒት ላብራቶሪው የለውም።

ሰዎች በጎ አሳቢ ሆነው ይመክሩኛል። ከቤተ ክርስቲያን እህቶች አንዷ በቀደም ለት ስትጠይቀኝ፣ «ለምን ለሰው አትሰጪአቸውም? ሐዘንሽን ነው እኮ የምትመግቢው» አለችኝ። ሐዘን ጎመን አይበላም አልኳት። ተቀየመች መሰለኝ።

አሁን ከትምህርት ቤት ስመለስ የስኳር ድንች ቅጠል እቆርጣለሁ፤ ካርቶኑ ሲረጥብ ከባለሱቁ ሌላ እወስዳለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ በርጩማ አውጥቼ ሁለቱን በየተራ ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ከአንገታቸው ጀምሬ ፀጉራቸውን በጣቴ ጀርባ እየገለጥኩ ቆዳቸውን አያለሁ፤ ጥፍራቸውን እቆርጣለሁ።